እሜቴ እስክትበላ

የፍቅር ነገር ሆኖ እንጂ፣ ሰው የተከመረ ሥራ ጥሎ፣ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እፍኝ ለማትሞላ ፍጥረት «በሞቴ ብዪ» እያለ ሲለማመጥ ይውላል? የእማማ በረኪና ልጅ ግን ይኸው ዋለች።

«እሜቴ፣ ነይ በሞቴ። ኪያር ነው፣ ልጬልሻለሁ። ነይ የኔ እመቤት።»

እሜቴ እቴ! ከሣጥኑ ጥግ፣ ከድርቆሹ ሥር አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ታያታለች። ጊኒ ፒግ ነች ይላሉ የሚያውቁት። አይጥ እንዳትሏት ጅራት የላትም፤ ጥንቸል እንዳትሏት ጆሮዋ ቁራጭ ጨርቅ ነው የሚያክለው። ግማሽ ፊቷ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ፣ ዓይኗ የካፖርት አዝራር። ድንጉጥ ነች፤ ሰው ሲያስነጥስ ድርቆሹን ከላይዋ ላይ ትለብሰዋለች። ልጅቷ «እሜቴ» ብላ ስም ያወጣችላት ሲያገለግሏት ስለምትኮራ ነው።

ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ከፊት መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ሳፋና ማጠቢያ ማሽን፣ መሀል ላይ በአንሶላ የተጋረደች ክፍል፤ እናትና ልጅ የሚያድሩባት። እናትየውን ሰፈሩ ሁሉ «እማማ በረኪና» ነው የሚላቸው። ያደፈ ነገር አይተው ማለፍ አይችሉም። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ከሟች ወንድም ኮት ላይ እድፍ ሲፍቁ ተገኝተዋል። ልጅቷ ደግሞ ተኳሽ ነች። ካውያ ስትይዝ እጇ ፍንክች አይልም፤ ዶክተሩ በበሩ ብቅ ካላለ በቀር።

ዶክተሩ ማለት የእንስሳት ሐኪሙ ነው፣ የትልቁ ቤት ልጅ። የትልቁ ቤት አንሶላ፣ የትልቁ ቤት መጋረጃ፣ የትልቁ ቤት የጠረጴዛ ልብስ፣ ሁሉም የሚታጠበው እዚህ ነው። የቤቱ እመቤት፣ የዶክተሩ እናት፣ እትዬ ይባላሉ፤ እሳቸው ፊታቸውን ካዞሩ የእማማ በረኪና ማሽን ባዶውን ነው የሚዞረው። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ልጅቷ ልቧን የጣለችው።

ፊቱን ሳታውቅ በፊት ኮሌታውን ነው ያወቀችው። ቦርሳውን በግራ ትከሻው እንደሚያንጠለጥል ከሸሚዙ መሳሳት አወቀች። ሐሳብ ሲይዘው የእጅጌውን አዝራር እንደሚያኝክ ከጥርሱ ምልክት አወቀች። አንድ ቀን ታዲያ ራሱ ልብሱን ሊወስድ መጣና፣ እሷ ጥቅሉን ስትፈልግ እሱ ቆሞ አዝራሩን ሲያኝክ አየችው። ሳቋ አመለጣት።

«ምን አየሽ?» አላት።

ምን ትበለው? «ምንም ዶክተር» አለችና ጥቅሉን በግልባጩ አቀበለችው።

እሜቴ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ነጫጭ ጋዋኖቹን ልታደርስ ክሊኒኩ ሄዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ሸሚዝ፣ ሸሚዙ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር አየች።

«በር ላይ ጥለዋት ሄዱ» አለ ዶክተሩ። «ልጆቹ ሰለቿት መሰለኝ። እዚህ ደግሞ ውሻ ይጮህባታል። ቀስ ብሎ የሚያለምዳት ሰው ባገኝ…»

«እኔ ልውሰዳት?» አለች፤ ዶሮ እንኳ አርብታ የማታውቅ ልጅ!

እሱስ ብትሉ፣ ክሊኒኩ ሙሉ ከብት ወዳድ ሰው ሲመላለስ እያየ፣ ላብ በላብ ሆና ልብስ ለምትተኩስ ልጅ ለምን ሰጣት? ለማንም የማይጠፋ ነገር ነው። ሁለቱም የመመላለሻ ምክንያት አጥተው ከርመዋል።

እናም ተመላለሰ። ጫማውን አንሶላው ሥር ያወልቅና ከልጅቷ ጎን መሬት ላይ ይቀመጣል።

«ከላይ አትያዣት፤ ጭልፊት የመጣባት ነው የሚመስላት። አታባሪያት። ትኩር ብለሽ አትያት። እጅሽን ዘርግተሽ ቁጭ በይ፣ እሷ ትምጣ።»

«ካልመጣችስ?»

«ነገም ቁጭ ትያለሽ።»

«ነገም ካልመጣችስ?»

«እኔ መጥቼ አብሬሽ ቁጭ እላለሁ» አለና ያለ ምክንያት ድርቆሹን ማስተካከል ጀመረ።

እሜቴ ተጠቅልላበት የመጣችውን ያደረ ሸሚዙን ከሣጥኑ አላወጣውም። «ሽታዬን ለምዳለች» አላት። «ይቆይላት። አንቺ ደግሞ ከጎኑ የራስሽን የሆነ ነገር አድርጊላት። ሁለቱ ሽታ ሲደባለቅ አንቺንም ታምንሻለች።»

ልጅቷ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታ ከሸሚዙ ጎን አደረገች። «ሁለቱ ሽታ ሲደባለቅ» የሚለውን ቃል ደግሞ ይዛው ዋለች፤ አንሶላ ስትተኩስ፣ መጋረጃ ስታጥፍ፣ እራት ስትበላ። እውነቱን ካወራን ደግሞ፣ እሜቴ ስታንቀላፋ ሸሚዙን ልጅቷም ብድግ አድርጋ ታሸተው ነበር። ማንም አላያትም። ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ ብቻ አየቻት። ጸጉር ሠሪዋ አየች ማለት እንግዲህ ሰፈሩ የጸጉር ማድረቂያውን ካስክ ነቅሎ ሰማ ማለት ነው።

እሜቴ ወጣ ወጣ ማለት ጀምራ ነበር። ከልጅቷ ጣት ላይ ካሮት እስከ መቀበል ደርሳ ነበር። ይሄኔ ነው እማማ በረኪና ጉድ የሠሩት።

ልጅቷ ልብስ ልታደርስ በወጣችበት፣ እሳቸው ለመጥረግ አንሶላውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ድርቆሽ መሀል፣ አድፎ፣ ተጨማዶ፣ የትልቁ ቤት ሸሚዝ!

«ኧረ ጉዴ ፈላ! የደንበኛ ልብስ! አይጥ አስተኝታበት!»

ልጃቸው ረስታው መሰላቸው። ነውሯን ልሸፍንላት አሉ። ሸሚዙን ዘፈዘፉ፣ በበረኪና አነጡ፣ በስታርች አደረቁ፣ ራሳቸው ተኩሰው በወረቀት ጠቀለሉና ከእትዬ ጥቅል ጋር ላኩት። ሻሹንም አጠቡ። ሣጥኑን በሳሙና ፈተጉ። እሜቴን ራሷን ሊነክሯት ነበር፣ ነከሰቻቸው እንጂ።

ልጅቷ ስትመለስ ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እሜቴ ከአዲሱ ድርቆሽ ሥር ገብታ የለችም።

«እማዬ፣ ሸሚዙስ?»

«ልኬዋለሁ! አንቺ ልጅ ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው? ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

ዶክተሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ይጠይቀኛል፣ ያኔ አስረዳዋለሁ ብላ ጠበቀች። አልመጣም። አንድ ቀን ብቻ ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አየችውና፣ ደንግጣ እጇን ብታነሳ ካውያውን እንደያዘች ነው ያነሳችው። እንፋሎቱ ቡልቅ ሲል እሱ ወደ ቤቱ አየ፣ አንገቱን ደፋ፣ እርምጃውን ጨመረ። ልጅቷ «እናቱ ወሬዬን ሰምተው ነግረውት ነው፣ ንቆኝ ነው» አለች። ሄዳ እንዳትነግረው ደግሞ ምን ብላ? «እናቴ ሽታዎን አጠበችብኝ» ብላ?

እሜቴም መብሉን ትንሽ ትንሽ እያለች ተወችው። ይኸው ዛሬ ጭራሹን እምቢ አለች፣ ይኸው ልጅቷ በሆዷ ተኝታለች።

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ጸጉሯ ውስጥ እንደሰካች አንሶላውን ገልጣ ገባች።

«አንቺ! እዚህ ተጋድመሽልኛል? ያንቺ ሰው ነገ ጠዋት ይሄዳል እኮ!»

«የኔ ሰው የለም።»

«እሺ፣ የአይጧ ሰው።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ወዴት?»

«ሩቅ ነው። የከብት እርባታ ጣቢያ ኃላፊ አርገውታል። እትዬ አሁን ጸጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው ነው የሰማሁት። ‘ሄዶ ትንሽ ይርሳ’ አሉ። ምኑን ነው የሚረሳው ብላቸው ወደ መስታወቱ ዞሩ። ትንሽ ጎተት አርጌ ስሠራቸው ጊዜ ግን ‘ልጄ ከበላ ቆየ፣ ምን እንደነካው አላውቅም’ ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ።»

«ስለጎተትሽያቸው ይሆናላ።»

«ቀልጂ! እሱ አይበላም፣ አንቺ አትበዪም፣ አሁን ደሞ አይጧም ጀመረቻት! ሂጂና ንገሪው።»

«ምን ብዬ?»

«ስለ ራስሽ መናገር ካቃተሽ ስለ አይጧ ንገሪዋ፣ ሞኞ!»

ልጅቷ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተሩ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ እየደረደረ ነበር። ሲያያት የያዘውን ጠርሙስ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ከስቷል። ኮሌታው አንገቱ ላይ ሰፍቶበታል፤ ይሄን ከእሷ በቀር ማንም አያይም። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«አትበላም።»

ሹራቡን ደረበና ተከተላት። መንገዱን ጎን ለጎን አልሄዱም። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ዞራ ብታየው ብላ አንገቷ ሲያሳክካት ነው የሄደችው።

እማማ በረኪና ከኋላ ማሽን እያስጮኹ ስለነበር ሲገቡ አላዩዋቸውም። ዶክተሩ እሜቴን በሁለት እጁ ከሥሯ አቅፎ አወጣት፤ ሆዷን ዳሰሰ፣ ጥርሷን አየ፣ ልቧን በጣቱ ሰማ።

«በሽታ የለባትም» አለ። «የምታውቀው ነገር ሁሉ ጠፍቶባት ፈርታ ነው። ግን እንደዚህ ዓይነቷ ሆዷ ባዶ ከቆየ ትሞታለች። እስኪመሽ ካልበላች ይዣት እሄዳለሁ። መንገድ ላይ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ እያጎረስኩ…»

«ይዘዋት?»

«ምን አማራጭ አለኝ?»

ይቺ ፍጥረት ከሄደች በዚህ ቤትና በዚያ ሰው መሀል ምን ቀረ? የትልቁ ቤት አንሶላ ብቻ። እሱም ነገ ከሄደ በኋላ የእሱ ሸሚዝ አይኖርበትም። ሳታስበው ሻሿን ፈታች። እሱ ደግሞ የለበሰውን ሹራብ አወለቀ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ሣጥኑ ጥግ አደረገ፣ እሜቴን ከጎኑ አስቀመጣት፣ ኪያሩን ከፊቷ። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን መሬት ላይ ተቀመጡና፣ እሜቴ እንዳትደነግጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ደጅ የተሰጡትን አንሶላዎች አልፎ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል።

«ሸሚዙን ስትመልሺልኝ» አለ በሹክሹክታ፣ «በስታርች እንጨት አርገሽ ነው። ወረቀቱን ስፈታው በገዛ እግሩ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ያኔ ገባኝ።»

«ምን ገባዎት?»

«ሽታህንም አልፈልግ ማለትሽ።»

«እናቴ ነች እኮ!» ድምጿ ጮኸ፤ ድርቆሹ ተንኮሻኮሸ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። «እናቴ ነች» አለች ቀስ ብላ። «አድፎ አየችው፣ አጠበችው። ሻሼንም አጠበችው። እኔ ብሆን አላጥበውም ነበር። ቢበሰብስ አላጥበውም ነበር።»

ዶክተሩ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች፤ እሱ ግን ሳቁን አፍኖ ነው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ካውያ ስታነሺብኝ ጊዜ፣ በቃ ሰፈሩን ልልቀቅላት ብዬ ነው ምደባውን የተቀበልኩት።»

«ሰላም ልልዎት ነበር!»

«እሽሽ።»

ከሣጥኑ ውስጥ ኮሽ አለ። ሁለቱም በዓይናቸው ጠርዝ አዩ። አፍንጫ መጣ። ጺም መጣ። አንድ እግር። እሜቴ ጥቅሉን ሹራብ አሸተተች፣ ሻሹን አሸተተች፣ እንደገና ሹራቡን። ከዚያ አንገቷን ሳብ አድርጋ ከኪያሩ ጫፍ ቅርጭጭ።

«እንዳይንቀሳቀሱ!»

«አልተንቀሳቀስኩም። እግሬ ደንዝዟል።»

«ይደንዝዝ።»

ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

«ነገ ግን እሄዳለሁ» አለ። «አሁን እምቢ ብል ሥራውንም ስሜንም አጣለሁ። ዓመት ይፈጃል።»

«ሰማሁ።»

«እናቴ ስላንቺ የምታውቀው አንሶላዋን ሳትጨማድጂ እንደምታመጪላት ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ አድርጌ ልነግራት እፈልጋለሁ። ግን ምን ብዬ? እኔ ወደድኳት ልል እችላለሁ። እሷስ ካለችኝ? የምነግራት ነገር ስጪኝ። ከሌለም የለም በይኝና ልሂድ።»

ልጅቷ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ላይ የምታነበው ነገር የለም። አሁን ካላለችው፣ ነገ መኪናው ዞሮ ሲሄድ ከማን ጋር ልታወራ ነው?

«የአንተን ሸሚዝ ለመጨረሻ ነው የማስቀረው» አለች። አንተ ማለቷን እሷም አላወቀችው። «ሁሉ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ። መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ከዚያ ትከሻውን። ግራው እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ። ያኘክኸውን አዝራር ደግሞ እናቴ ቀይሪው ትለኛለች፣ እኔ አልቀይረውም። ከዚያ መስቀያ ላይ እሰቅለውና እስከ ታች እቆልፈዋለሁ። ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። ደህና ዋልክ እለዋለሁ። ደከመህ ወይ እለዋለሁ። እጅጌውን ይዤው እቆያለሁ። እወድሃለሁም ብዬዋለሁ፣ ስንት ጊዜ። ሸሚዝ ምን ይመልሳል? በማግስቱ የእናትህ ሾፌር መጥቶ ጠቅልሎ ይወስድብኛል።»

እሱ ሙሉ ሰውነቱን ወደ እሷ ሊያዞር ተነሳ።

«እንዳትዞር! እየበላች ነው!»

«እሷ ስትበላ እኔ ልሙት?»

«ፊቴን ካየኸው ደግሜ አልለውም።»

«እንግዲያው አልዞርም። ድገሚው።»

«እወድሃለሁ» አለች ለግድግዳው።

ይሄኔ ነው አንሶላው ገለጥ ያለው። እማማ በረኪና እጃቸው አረፋ በአረፋ እንደሆነ ብቅ አሉ። የትልቁ ቤት ልጅ! በካልሲ! መሬት ላይ! አፋቸውን ከፍተው «ዶክ…» ከማለታቸው፣ «እሽሽ!» አሏቸው ሁለቱም፣ ሳይዞሩ።

እማማ በረኪና ሹራቡን አዩ፣ ሻሹን አዩ፣ የምትበላዋን አዩ። መጨረሻ ላይ የልጃቸውን ጉንጭ አዩ፤ እንባው ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠልጥሏል። እኒያ እድፍ አይተው የማያልፉ ሴትዮ፣ ያንን እንባ ሳይጠርጉት አንሶላውን ቀስ አድርገው መለሱት።

ከፊት በኩል የትልቁ ቤት ሾፌር ድምፅ መጣ።

«እማማ! እትዬ የዶክተሩን ልብስ ቶሎ አምጣ ብለውኛል! ነገ መንገደኛ ነው!»

«አልደረሰም!» አሉ እማማ በረኪና።

«እንዴት አልደረሰም? እትዬ እኮ ናቸው የላኩኝ!»

«ይጠብቁ በላቸው! እትዬም ቢሆኑ ይጠብቁ!»

ልጅቷ በመገረም ዓይኗን ጨፈነች። ልብሱ ከጠዋት ጀምሮ ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ነው። እናቷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ሰምታ አታውቅም።

«ለእናቴ እነግራታለሁ» አለ እሱ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ማታ። የሸሚዙን ነገር አልነግራትም፣ የራሴ ነው። አንቺ ግን ዓመቱን እንዴት ትሆኛለሽ?»

«እንዴት እንደምሆን አላውቅም» አለች። «እስከ ዛሬም ስትናፍቀኝ ነው የኖርኩት፣ ግን ብቻዬን ነበርኩ። አሁን አንተም እዚያ ሆነህ ልትናፍቅ ነው። ይቀለኝ ይሆን ይብስብኝ፣ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

ትከሻቸው ተነካክቷል፤ ማን ቀድሞ እንደተጠጋ አንዳቸውም አይናገሩም። ፀሐዩ ከጉልበታቸው ወርዶ ወለሉ ላይ፣ ከወለሉ ሣጥኑ ጥግ ደረሰ። ቅርጭጩ ቆሟል። እሜቴ የኪያሩን ፍርፋሪ እንኳ ሳታስቀር በልታ፣ ሆዷን ነፍታ፣ ሹራቡና ሻሹ መሀል ገብታ ተኝታለች። እሱም አይቷታል፣ እሷም አይታታለች።

«ጨረሰች እንዴ?» አለ እሱ።

«ገና ነች» አለች እሷ።